ሳይቀመስ የቀረበው ፋጅ

ዕድሜዬን ሙሉ ስኳር ሳፈላ ኖሬ ጥርሶቼ ሙሉ ናቸው። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ጡረታ መውጣቴን የሰማ ሁሉ መጀመሪያ አፌን ስለሚያይ ነው። «ይሄን ሁሉ ዘመን ከረሜላ ስትሠሪ እንዴት ተረፍሽ?» ይሉኛል። የሠራሁትን እምብዛም ስላልቀመስኩት ነዋ! ሰው ይህን ሲሰማ ይስቃል፣ እኔ ግን እውነቴን ነው።

ስሜ ጥሩወርቅ ነው፤ ካዛንቺስ ጥሩዬ ይለኛል። ኬክም ኩኪስም ዶናትም ሠርቻለሁ። ስሜን ያስጠራው ግን ፈረንጅ ፋጅ የሚለው፣ እኛ ለደንበኛ እንዲገባው «የወተት ከረሜላ» የምንለው ነገር ነው። ስኳርና ወተት አብረው ይፈላሉ፣ ቅቤ ይገባበታል፣ ሲበርድ ይመታል፣ ሲረጋ በቢላ ይቆረጣል። እንደ ከረሜላ አይቆረጠምም፣ እንደ ኬክም አይፈረፈርም። አፍ ውስጥ ገብቶ ትንሽ ይቆይና ይሟሟል፣ በቃ። ለዚህች «በቃ» ስንት ድስት እንዳቃጠልኩ እኔና ድስት አጣቢዎቹ እናውቃለን።

ሥራ የጀመርኩት ሰንጋ ተራ አንድ ዳቦ ቤት ውስጥ ነው፣ ትሪ በማጠብ። ደመወዙን አታንሱብኝ። ከዚያ ያወጡኝ ካዛንቺስ ኬክ ቤት የነበራቸው ወይዘሮ ሮማን ናቸው።

«እጅሽ ፈጣን ነው አሉ፤ ምላስሽስ?» ብለው ጠየቁኝ።

«እሱም አይሰንፍም» አልኳቸው።

ሳቁና ወደ ጓዳ ሰደዱኝ። ጓዳ ውስጥ ጋሽ ሸምሱን አገኘኋቸው።

ጋሽ ሸምሱ የኬክ ቤቱ ዋና ሠራተኛ ነበሩ። በልጅነታቸው ከወልቂጤ ወዲያ መጥተው፣ ከአንድ ሽማግሌ ጣሊያናዊ እጅ ሙያውን ተምረው፣ ከኬክ ቤቱ ጀርባ ባለች የቀበሌ ቤት ከባለቤታቸው ከእትዬ ዘይነባ ጋር የሚኖሩ ሰው ናቸው። አጭር ናቸው፤ ነጭ ሽርጣቸው ጉልበታቸውን አልፎ ይወርድ ነበር። ቁጣ አያውቁም። ግን ድስት እሳት ላይ ሲወጣ ሬዲዮ የከፈተም ወሬ የጀመረም ወዮለት። «ዝም በሉ፤ ድስቱ ይናገር» ይሉ ነበር።

እኔ መጀመሪያ ላይ ቀልድ መስሎኝ ነበር። በኋላ ግን ድስቱ እውነትም ይናገራል። ፋጅ መፍላት ሲጀምር ዝናብ በቆርቆሮ ጣራ ላይ እንደሚወርደው ይንጣጣል። ውሃው እየተነነ ሲሄድ ድምፁ ይወፍራል፣ ይዘገያል፣ መጨረሻ ላይ እንደ ገንፎ «ቡፍ… ቡፍ» ማለት ይጀምራል። ጋሽ ሸምሱ ጀርባቸውን ለምድጃው ሰጥተው ክሬም እየመቱ እንኳ «ጥሩዬ፣ ውሃውን አምጪ» ይሉኝ ነበር። በብርጭቆ ቀዝቃዛ ውሃ አመጣለሁ፣ ከድስቱ አንድ ጠብታ ይጥሉበታል፣ በሁለት ጣታቸው ይሰበስቡታል። ከተበታተነ ገና ነው። እንደ ጠጠር ከደረቀ አልፏል። ለስላሳ እንክብል ሆኖ ጣት ሲጫነው ጠፍጠፍ ካለ ይወርዳል።

ከዚያ በፊት ደግሞ የስኳሩ ጣጣ አለ። ስኳሩ ሟሙቶ ማለቁን በማንኪያ ጀርባ የድስቱን ቂጥ እየዳሰሱ ያጣራሉ፤ አሸዋ ከተሰማ ገና ነው። ቀጥሎ በእርጥብ ብሩሽ የድስቱን ግድግዳ ዙሪያውን ይጠርጋሉ። እዚያ ተለጥፋ የቀረች አንዲት የስኳር ፍሬ ወደ ውስጥ ከወደቀች ሌላውን ሁሉ አስከትላ ታረጋዋለች፣ ፋጁም ጥርስ ላይ አሸዋ አሸዋ ይላል። «አንድ አሳዳሚ ሰፈር ይበጠብጣል» ይሉኝ ነበር፣ ብሩሹን ሲያቀብሉኝ።

የከበደኝ ግን መጠበቁ ነው። ከእሳት ከወረደ በኋላ ቅቤው ከላይ ይጣልበታል እንጂ አይማሰልም። መዳፍ ከድስቱ ሥር ገብቶ ሙቀቱን እስኪችለው ድረስ እጅን አጣጥፎ መቀመጥ ነው። እኔ ደግሞ ተቀምጬ አላውቅም። ሦስት ጊዜ ቸኩዬ መታሁት፣ ሦስት ጊዜም አሸዋ ሆነ። ጋሽ ሸምሱ የተበላሸውን አይተው «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» ይሉና ወተት ጨምረው መልሰው እሳት ላይ ያወጡታል። ሲበርድ ነው በእንጨት ማንኪያ የሚመታው፣ ትከሻ እስኪዝል። ድንገት ማብረቅረቁን ይተዋል። ያኔ ነው መፍጠን፤ ካልፈጠኑ ድስቱ ውስጥ ይረጋና ማንኪያውን ያስቀረዋል።

ስለ መቅመስ ላውራ። እኔ ጾመኛ ነኝ። ረቡዕና ዓርብ፣ ሁዳዴ፣ ፍልሰታ፣ ነቢያት፤ ዓመቱን ስደምረው ወተት የምቀምስበት ቀን ከማልቀምስበት ያንሳል። ጋሽ ሸምሱ ረመዳንን ይጾማሉ፣ ከዚያ ላይ ደግሞ እኔ ሳልመጣ ጀምሮ ስኳር ሕመም ይዟቸው ዓመቱን ሙሉ ጣፋጭ ተከልክለዋል። ሰፈሩ «ስኳር የያዘው ስኳር ይሸጥልናል» እያለ ሲቀልድባቸው ከሁሉ ቀድመው የሚስቁት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ እኛ ጓዳ ውስጥ በጆሮ፣ በዐይንና በጣት ነበር የሚሠራው። ቀማሽ ከተፈለገ ወይዘሮ ሮማን ይጠራሉ፣ እሳቸውም ቀምሰው «ደህና ነው» ይላሉ። ከ«ደህና ነው» የተለየ ነገር ሲናገሩ የሰማኋቸው አንድ ቀን ብቻ ነው፣ ሚጥሚጣ ጨምሬበት። «አንቺ ልጅ ሰው ልትፈጂ ነው?» አሉኝ። በኋላ ግን ሜክሲኮ አደባባይ አካባቢ ያሉ የቢሮ ሠራተኞች እሱኑ ነበር አጥብቀው የሚያዙኝ!

ዓይነቱን ያበዛሁት እኔ ነኝ፣ ይህን ያለ ትሕትና እናገራለሁ። ጋሽ ሸምሱ ነጩንና የካካኦውን ብቻ ነበር የሚሠሩት። እኔ ከወተቱ ጥቂቱን አንስቼ በወፈረ ቡና ተካሁት፤ መሥሪያ ቤቶቹ ወደዱት። የተቆላ ለውዝ ፈጭቼ ከተትኩ። ዝንጅብልን በስኳር ቀቅዬ ከታተፍኩበት። የብርቱካን ልጣጭ ፋቅኩበት። ሰሊጥ አመስ አድርጌ ከላይ ነሰነስኩ። ኮረሪማ የገባበትን የወለዱ ሴቶች ይወዱታል፤ ለአራስ ጥየቃ ሲሄድ ከአጥሚቱ ጎን ይዞት የሚሄድ ሰው ነበር። አንድ ደንብ ብቻ አለ፤ ቅመሙ የሚገባው ከመመታቱ በፊት እንጂ ሲፈላ አይደለም፣ ሽታው በእንፋሎት ያልቃልና።

ይህን ያነበበ ሰው ቤቱ ልሞክር ቢል በድስቱ አልፈርድበትም፤ ቀላሉን ልንገረው። አንድ ቆርቆሮ የወፈረ ጣፋጭ ወተት፣ ከዚያ ትንሽ ከፍ ያለ ጥቁር ቸኮላት፣ አንድ ማንኪያ ቅቤ፣ የጨው ቁንጥር። ውሃ በሚፈላበት ድስት ላይ ሳህን ደፍቶ ሳይሆን አስቀምጦ፣ ሁሉንም ከትቶ በዝግታ እስኪቀልጥ ማማሰል። ዘይት በተቀባ ትሪ ገልብጦ ፍሪጅ ማሳደር። መመታትም ጠብታ መሞከርም የለበትም። ለጎረቤት ሴቶች ሁሉ አስተምሬዋለሁ፣ አንዳቸውም አላበላሹትም። እኔ ግን ስኳሩን ራሴ ካላፈላሁ የሠራሁ አይመስለኝም።

ከዓመታት በኋላ መስቀል አደባባይ አካባቢ ያለ አንድ ትልቅ ሆቴል ጠራኝ። ወይዘሮ ሮማን አኮረፉ። ጋሽ ሸምሱ ግን «ሂጂ፣ ትልቅ ድስት እይ» አሉኝ። እዚያ አለቃዬ ሼፍ ዳንኤል ነበር፤ በዕድሜ ያንሰኛል፣ ውጭ አገር ተምሮ የመጣ፣ ነገሩን ሁሉ በሚዛንና በቴርሞሜትር የሚሠራ። መጀመሪያ ሰሞን ከውጭ ባመጣው መጽሐፍ መሠረት ፋጅ አፈላን፣ መጽሐፉ ያለው ሙቀት ሲደርስ አወረድነው። ግድግዳ የሚሠራበት ድንጋይ ሆነ። ሆዴ ውስጥ ትንሽ ደስ ብሎኝ ነበር፣ አልዋሽም። ሼፍ ዳንኤል ግን አላፈረም፣ አልተቆጣምም። ባዶ ውሃ አፈላና ቴርሞሜትሩን ከተተበት፤ አየና በራሱ ሳቀ።

«ጥሩዬ፣ መጽሐፉን የጻፈው ሰውዬ የባሕር ጠረፍ ሰው ነው! እኛ ተራራ ላይ ነን፤ ውሃችን ገና ሳይግል ይፈላል። ልዩነቱን ቀንሰን ማውረድ አለብን» አለኝ።

ቀነስን፣ ልክ ሆነ። እኔም በጎን ጠብታዬን በቀዝቃዛ ውሃ ሞከርኩት፤ የሼፍ ዳንኤል ቁጥርና የጋሽ ሸምሱ እንክብል እኩል ደረሱ። ከሁለቱም ስለተማርኩ ዛሬም እኮራለሁ።

ሆቴሉ ውስጥ ግን አንድ ክፉ ቀን ነበረኝ። ሁዳዴ ነው፣ ትልቅ ስብሰባ አለ፣ ለሻይ ዕረፍት የጾም ጣፋጭ ተፈለገ። ከሁሉ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ «የጾም ፋጅ እሠራለሁ» አልኩ። ወተቱን በውሃ፣ ቅቤውን በማርጋሪንና በዘይት ተካሁት። ጓዳ ውስጥ ሲታይ ያምር ነበር። አዳራሽ ውስጥ ከመብራቱ ሙቀት ሥር ሲቀመጥ ግን ዘይቱ መውጣት ጀመረ። መጀመሪያ አላበው፣ ቀጥሎ ኩሬ ሠራ፣ ቁራጮቹ ትሪው ላይ መንሸራተት ጀመሩ። አንዲት እንግዳ አንዱን አንስተው ጣታቸውን መጥረጊያ ሲያጡ ነጭ ነጠላቸው ላይ ጠረጉት። ያንን ነጠላ እስከ ዛሬ አልረሳሁትም።

ሼፍ ዳንኤል አልጮኸብኝም። «ከእንግዲህ ይሄን በጾም አንሞክርም» አለኝ፣ ቀስ ብሎ። ቢጮህብኝ ይሻለኝ ነበር። ዕቃ ቤት ገብቼ የስኳር ጆንያ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። አፈርኩ፣ በጣም አፈርኩ።

እሑድ ጋሽ ሸምሱ ቤት ሄጄ ነገርኳቸው። አላጽናኑኝም። እንዴት እንደሠራሁት አንድ በአንድ አስነገሩኝና፣ «ዘይትና ውሃ ጸበኞች ናቸው፤ መሐላቸው የሚገባ ሽማግሌ ይፈልጋሉ። ወትሮ ሽማግሌው ወተቱ ነው። አንቺ ሽማግሌውን አስወጥተሽ ጸበኞቹን አንድ ቤት ቆለፍሽባቸው» አሉኝ።

«ታዲያ በጾም ሽማግሌው ማን ይሁን?»

«እኔ በሁዳዴ ወተት እጠጣለሁ፤ እሱን ፈላጊዋ አንቺ ነሽ» ብለው ሳቁ።

ፈለግኩ፣ አላገኘሁም። ነገሩን ተውኩት። ሆቴሉ ውስጥ ዓመታት ክሩዋሳን የሚሉትን የቅቤ ዳቦ ሳጥፍ ቆየሁ። ጋሽ ሸምሱ ዐይናቸው ደክሞ ሥራ ሲያቆሙ ወይዘሮ ሮማን ኩርፊያቸውን ትተው ራሳቸው ሆቴሉ ድረስ መጡ። «ጓዳው ባዶ ሆነብኝ፤ ነይ» አሉኝ። ደመወዙ ከሆቴሉ ያንስ ነበር። በሳምንቱ ካዛንቺስ ነበርኩ።

ጓዳ ውስጥ ሐናን አገኘኋት፣ ኬክ የምታስጌጥ፣ የሁለት ልጆች እናት፣ ጨዋታዋ የማያልቅ። ሐና ጴንጤ ናት፤ ሁዳዴም ረመዳንም አይመለከታትም። ለእኛ ጓዳ ይህ በረከት ነው፤ ምላስ አገኘን! ችግሩ ሐና ስኳር ያለበት ነገር ሁሉ ይጣፍጣታል። የተቃጠለውንም፣ አሸዋ የሆነውንም ቀምሳ «በቃ ያብዳል!» ትላለች። ጋሽ ሸምሱ ከሰዓት በኋላ ብቅ እያሉ ጓዳው በር ላይ ይቀመጡ ነበርና አንድ ቀን ሰምተዋት፣ «ይቺን ልጅ ጨው እስክታቀምሷት ድረስ አትመኗት» አሉን።

እንዲህ እያልን ስንኖር ካዛንቺስ መፍረስ ጀመረ። መንገዱ ሊሰፋ ነው፣ ሕንፃ ሊወጣ ነው ተባለ። የሰፈሩ ሰው ቤት ተመደበለት፣ ግን አንዱ ከከተማው በዚህ ጫፍ፣ ሌላው በዚያ ጫፍ። ወይዘሮ ሮማንም ኬክ ቤቱን ሊዘጉ ወሰኑ። «አንቺም ዕድሜሽ ደርሷል፣ እኔም ደክሞኛል፤ አብረን እንረፍ» አሉኝ። የእኔ ጡረታ የመጣው እንዲህ ነው።

ከመሄዳችን በፊት እድሩ የመጨረሻ ማዕድ ሊያዘጋጅ አሰበ። ያ ዓመት ሁዳዴና ረመዳን የገጠሙበት ዓመት ነው፤ ስለዚህ ማፍጠሪያ ሰዓት ላይ ሁሉም አብሮ ይብላ ተባለ። የእድሩ የሴቶች ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ኬክ ቤት መጡ። እትዬ አስካለን ካዛንቺስ ያውቃቸዋል፤ በጾም ቀን የሻይ ማንኪያ እንኳ ወተት ነክቶት እንደሆነ አሽትተው የሚለዩ ሴት ናቸው።

«ስሚኝ ጥሩዬ» አሉኝ። «ዕድሜያችንን ሙሉ ጎረቤት ስንሆን ድግሳችን ሁለት ትሪ ነው። የእነሱ ሥጋ ለእነሱ፣ የእኛ ለእኛ። አሁን ደግሞ እኛ ሽሮ፣ እነሱ ሾርባ ልንበላ ነው። ደግ፣ ይሁን። ግን የመጨረሻችን ነው፤ አንድ ነገር እንኳ ከአንድ ትሪ አንስተን ሳንበላ ልንበተን ነው? ያንቺን የወተት ከረሜላ ሥሪልን።»

«እትዬ፣ ሁዳዴ ነው እኮ!»

«አውቃለሁ። ወተቱን አውጪበትና ሥሪው» አሉኝ፣ ድንጋይ ከምስር ልቀሚ እንደማለት።

እሺ አልኩ። እሺ ባልኩበት ቅጽበት ያ ነጭ ነጠላ ፊቴ ድቅን አለ። ይህ ግን የሆቴል ሻይ ዕረፍት አይደለም፤ ያሳደገኝ ሰፈር የመጨረሻ ማዕድ ነው። ከተበላሸ በሚቀጥለው ዓመት የሚታረምበት ቦታ የለም።

በወተቱ ፈንታ ለውዝ ብቻ ሞከርኩ፣ ዘይቱ ወጣ። በቆሎ ዱቄት ጨመርኩ፣ ገንፎ ሆነ። ሐና ሁለቱንም «ያብዳል» አለች። አንድ ቀን ከቅዳሴ መልስ እቤቴ የጾም ምሳዬን፣ ሱፍ ፍትፍት ልሠራ ሱፉን ቀቅዬ ፈጭቼ በጨርቅ ስጨምቀው፣ ነጩ ውሃ ወፍሮ ሳህኑ ላይ ሲወርድ ዐየሁት። ዘይቱ ከውስጡ ነው፣ ውሃውም ከውስጡ ነው፣ ግን አልተጣሉም። እጄ ባለበት ቀረ። ለካ ሽማግሌው በየሁዳዴው እፊቴ ሲቀርብ፣ እኔ በእንጀራ ስፈተፍተው ነው የኖርኩት!

ምሳዬን ትቼ ስኳር አወጣሁ። የመጀመሪያው ድስቱ ላይ ተለብልቦ አረረ፤ ሱፍ ከወተት ይልቅ የድስት ቂጥ ይይዛል። እሳቱን አሳነስኩ፣ ድስቱን ቀየርኩ። በቅቤው ቦታ በጣም የላመ የለውዝ ቅቤ ጥቂት ከተትኩ። ሦስተኛው ረጋ። ማታ ቀመስኩት፤ ደስታዬን ለማን ልንገረው? ጾም ባይሆን አንጀቴ ቅቤ ጠጣ እል ነበር። ለጋሽ ሸምሱ ስነግራቸው፣ «ያን ቀን እኔ ውሃ እስክቀምስ ድረስ አትብዪ፤ አብረን እናፍጥር» አሉኝ። ቃል ገባሁ። ምን እንዳስገቡኝ ያወቅኩት ቀኑ ሲደርስ ነው።

ቀኑ ደረሰ። ለሰፈሩ ሁሉ የሚበቃ ሱፍ ያመጣሁት ከሌላ ነጋዴ፣ ከሌላ ጆንያ ነው። ሱፍ ደግሞ ከቆየ ይመራል፣ መምረሩም በዐይን አይታይም። ጠዋት ቀቅለን፣ ፈጭተን፣ ጨምቀን ትልቁን ድስት ጣድን። ደረሰና «ሐና፣ ነይ ቅመሺ» አልኳት።

ሐና ማንኪያውን አየችው፣ አልነካችውም።

«ጥሩዬ… ማለቴ… ዛሬ ቸርቻችን ጾም ጸሎት አውጇል። እስከ ማታ ነው» አለችኝ።

«ዛሬ? ከቀን ሁሉ ዛሬ?»

«እኔ ነኝ እንዴ ያወጅኩት!»

ወይዘሮ ሮማንን ብጠራቸው እሳቸውም ከእኔ የባሱ ጾመኛ ሆነዋል። እኔ ደግሞ ጋሽ ሸምሱ ውሃ ሳይቀምሱ ላልበላ ቃል ገብቻለሁ። ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም፤ ጓዳ ሙሉ ሰው፣ አንድ ምላስ ጠፋ! ሐና ሳቋ መጣባት። እኔ ላብ ላብ አለኝ። ከዚያ ሬዲዮኑን ዘጋሁት። «ዝም በሉ» አልኩ፣ ሁሉም ዝም አለ። ጠብታዬን በውሃ ጣልኩ፣ እንክብሉን በጣቴ ጫንኩት። አወረድኩት። መዳፌ እስኪችለው ተቀመጥኩ፤ አዎ፣ እኔ ተቀመጥኩ። ከዚያ እኔና ሐና እየተፈራረቅን መታነው። ማብረቅረቁን ሲተው ትሪው ላይ ገለበጥነው። ነጭ፣ ልስልስ ያለ፣ ከወተቱ ይልቅ የነጣ ሆነ። ቀኑን ሙሉ እየተመላለስኩ አሸተትኩት። አይሸትም። መምረር አለመምረሩን ግን የሚያውቅ አልነበረም።

ማዕዱ የተዘረጋው እድሩ ለለቅሶ የሚተክለው ድንኳን ሥር ነው። ዙሪያውን ቤቶች ግማሹ ፈርሰው ነበር። አዛን ተሰማ፣ ሙስሊሞቹ ጎረቤቶቻችን ውሃ ተጎነጩ፣ ጋሽ ሸምሱም ተጎነጩ። የመጀመሪያው ነገር የእኔ ትሪ ይሁን ተብሎ መሐል ላይ ተቀመጠ። እትዬ አስካለ እንደ ሰብሳቢነታቸው አንድ አነሱ። አገላበጡት። አሸተቱት። መልሰው አስቀመጡት።

«ጥሩዬ፣ ይሄ ወተት ነው።»

«ሱፍ ነው፣ እትዬ።»

«ስንት ዘመን ሱፍ ስጨምቅ የኖርኩ ሴት ነኝ፤ ሱፍ እንዲህ አያምርም! ለምደሽ እጅሽ ወተት ጨምሮበት እንደሆነስ?»

ከእኛ በኩል የተዘረጉት እጆች ተሰበሰቡ። እነሱ ካልበሉ ብለው ከዚያ በኩል ያሉትም ተሰበሰቡ። ትሪው መሐላችን ተቀምጦ ማንም ሳይነካው ቀረ። የተበላሸው ፋጄ አንዴ አዋረደኝ፤ ያማረው ደግሞ ሊያዋርደኝ ነው! ከዚህ በላይ ምን ልበል? እጄን ሰድጄ አንድ አነሳሁ። በሁዳዴ ወተት የማልነካ መሆኔን የማያውቅ አልነበረም፤ ሁሉም አፌን ያያል። እሱ ይምረር ይጣፍጥ እኔም አላውቅም።

አልመረረም። ጥርሴ ላይ ለአፍታ ቆመና ሟሟ። አሸዋ የለውም፣ ዘይት የለውም። ቀኑን ሙሉ የያዘኝ ፍርሃት አብሮት ሟሟና ዐይኔ እንባ አቀረረ።

«ይኸው ገድፋ ታለቅሳለች!» አለ አንዱ፣ ድንኳኑ በሳቅ ሞላ።

ጋሽ ሸምሱ አልሳቁም። ሐኪም በማፍጠሪያ ሰዓት ከአንድ ፍሬ ጣፋጭ በላይ አልፈቀደላቸውም፤ እትዬ ዘይነባም አንዲት ተምር ብቻ ሳህናቸው ላይ አኑረውላቸዋል። ጋሽ ሸምሱ ተምሯን በጣታቸው ወደ ጎን ገፋ አደረጉና ከትሪው አንድ ፋጅ አነሱ።

«ጥሩወርቅ በጾሟ አትቀልድም» አሉ፤ ቢስሚላህ ብለው ጎረሱ።

ዐይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ያን ሁሉ ዘመን አብሬያቸው ሠርቼ የእጄን ጣፋጭ ሲቀምሱ ያየሁት ያን ቀን ነው። እትዬ አስካለ የእሳቸውን ፊት አዩ፣ የእኔን ፊት አዩ፣ አማተቡና ያስቀመጡትን መልሰው አነሱት። አላመጡ። ማላመጡን አቆሙ።

«ይሄ ጾም ከሆነ ንስሐ አባቴን ልጠይቅ ነው» ብለው ሁለተኛ አነሱ።

ከዚያ በኋላ የማን እጅ የማን እንደሆነ አልለየሁም። ሐና ጾም ጸሎቷን ፈታ በሁለት እጇ ትበላለች። ከወዲያ በኩል ያለው ወደዚህ ያቀብላል፣ ከዚህ ያለው ለልጅ ይቋጥራል፣ እትዬ አስካለ «ለጎረቤትም ተዉለት!» እያሉ ይቆጣሉ፣ ራሳቸው ሦስተኛውን ይዘው። ሾርባውም ሽሮውም ሳይነካ ትሪዬ ባዶ ሆነ።

እትዬ ዘይነባ ሳህኑን ሊያነሱ ሲሉ ተምሯን አዩና ባላቸውን «ይቺስ?» አሏቸው።

ጋሽ ሸምሱ ጣታቸው ላይ የቀረውን እየላሱ፣ «ለነገ አስቀምጪልኝ» አሉ።